በሌሎች ሰዎች ፊት የኖረው ተዋናይ ፖል ሙኒ

አንድ ሰው በምሽት ጨለማ ውስጥ ቆሞ የሚወዳትን ሴት ይሰናበታል። ልብሱ ነትቧል፤ ፊቱ ከስቷል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር እንደታደነ አውሬ ይደነግጣል። ሴቲቱ በምን እንደሚተዳደር ስትጠይቀው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ፊቱን ጨለማ ከዋጠው በኋላ እየሰረቀ እንደሚኖር በሹክሹክታ ይነግራታል። ፊልሙም በዚሁ ያበቃል። የተበደለውን የሚክስ ዳኛ አይመጣም፤ ተመልካቹን የሚያጽናና አንዳችም ነገር አይከተልም።

ይህ ትዕይንት ዋርነር ብራዘርስ የተሰኘው የአሜሪካ የፊልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 ለሕዝብ ያቀረበው «ከሰንሰለት እስረኞች ያመለጥኩ ነኝ» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም መደምደሚያ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ፖል ሙኒ ነበር። በዚያን ዘመን ስለ ወንጀል የተሠሩ ፊልሞች ጥቂት አልነበሩም። ይህኛውን ከሌሎቹ የሚለየው ግን ፊልሙ ለሕዝብ በቀረበበት ጊዜ እውነተኛው ባለታሪክ በሕይወት ያለ፣ በሕግ የሚፈለግና በሽሽት ላይ የሚገኝ ሰው መሆኑ ነው። በመሆኑም ተዋናዩ የተቀበለው ኃላፊነት ተመልካችን ከማዝናናት ያለፈ፣ የአንድን ሰው ነፃነት የሚነካ ነበር።

ፖል ሙኒ እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 1895 በዚያን ጊዜ በኦስትሮ-ሀንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችውና ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በምትገኘው የልቪቭ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት የቤተሰብ ስም ያለው መጠሪያ መሹለም ማየር ቫይዘንፍሮይንድ ሲሆን፣ እናትና አባቱ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን መነጋገሪያ በሆነው በይዲሽ ቋንቋ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ቴአትር የሚያሳዩ ተዋንያን ነበሩ። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1902 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በአዲሱ አገርም ቢሆን ኑሮው የተመሠረተው በዚያው በመድረክ ሥራ ላይ ነበር።

ሙኒ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። የተሰጠው ሚና ግን የልጅ አልነበረም፤ የ80 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ እንዲጫወት ተደረገ። ሰው ሠራሽ ጺም ተለጥፎለት፣ ፊቱ በቀለም ተሸብሽቦ፣ ወገቡን አጉብጦ ወጣ። ይህ አጋጣሚ የሙያ ሕይወቱን ሁሉ አብሮት ዘለቀ። ፊቱን በራሱ እጅ የመለወጥን ጥበብ ከልጅነቱ ጀምሮ ተማረ፤ በወጣትነቱ የሚሰጡት ሚናዎችም አብዛኛውን ጊዜ የአረጋውያን ነበሩ።

ቆየት ብሎም በኒውዮርክ ከተማ በሞሪስ ሽዋርትዝ ይመራ የነበረውን የይዲሽ ጥበባት ቴአትር ቡድን ተቀላቀለ። ይህ ቡድን ለሥነ ጽሑፍ ክብር የሚሰጡ ቴአትሮችን በማቅረብ የታወቀ ስለነበር ለወጣቱ ተዋናይ ጥሩ ትምህርት ቤት ሆነለት። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ የሙያ አጋሩ የነበረችውን ቤላ ፊንክልን አገባ። ባለትዳሮቹ ልጅ አልወለዱም፤ ትዳራቸው ግን ሞት እስከለያቸው ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። ቤላ ከጊዜ በኋላ ፊልም በሚቀረጽበት ስፍራ እየተገኘች የባሏን ሥራ ትመለከት ነበር። እሱም አንድ ትዕይንት በተቀረጸ ቁጥር አስቀድሞ የሚያየው የእሷን ፊት ነበር፤ ቤላ ካልረካች እንደገና እንዲቀረጽ ይጠይቃል። ይህ ልማድ አንዳንድ ዳይሬክተሮችን ያስከፋ እንደነበር ይታወቃል።

ሙኒ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በብሮድዌይ መድረክ የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ ያን ጊዜም የወከለው አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌን ነበር። ዕድሜው 31 ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፎክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ አስፈርሞ ወደ ሆሊውድ ወሰደው፤ ፖል ሙኒ የሚለው ስምም በዚያው ጊዜ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ለኦስካር ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ዕጩ አደረገው። በዚያው ዓመት ባወጣው ሁለተኛ ፊልም ሰባት የተለያዩ ሰዎችን ሆኖ እንዲጫወት ተደርጓል። ነገር ግን ኩባንያው ከጥበቡ ይልቅ ፊት የመለዋወጥ ችሎታውን እንደ ትርኢት ለመሸጥ መፈለጉ ስላላስደሰተው ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ።

ወደ ፊልም ዓለም የመለሰው በባለጸጋው ሃዋርድ ሂውዝ ገንዘብና በሃዋርድ ሆክስ አዘጋጅነት የተሠራው «ስካርፌስ» ነው፤ ትርጉሙም ፊተ ጠባሳ ማለት ነው። ፊልሙ መነሻ ያደረገው የቺካጎውን የወሮበሎች አለቃ የአል ካፖንን ዝና ነበር። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሎ በነበረበት ጊዜ መጠጥ በስውር የሚያከፋፍሉ ቡድኖች በከተሞች ውስጥ ገናና ሆነው ነበር። ሙኒ የተጫወተው ቶኒ ካሞንቴ ከእነዚህ ቡድኖች በአንዱ ውስጥ ከተራ ጠባቂነት ተነስቶ አለቆቹን እየገደለ ወደ ላይ የሚወጣ ወጣት ነው።

ተዋናዩ ይህን ሰው ጀግና አላደረገውም። የመትረየስ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ሲገባ ካሞንቴ መጫወቻ እንደተገዛለት ሕፃን ይፈነድቃል። ስለ ሐር ሸሚዞቹ በኩራት ያወራል። ለእህቱ ያለው ቅናት ከወንድም ፍቅር ያለፈ መሆኑን ራሱ አይገነዘብም፤ ተመልካቹ ግን በዓይኖቹ ውስጥ ያነበዋል። በመጨረሻም ፖሊሶች ሲከቡት ያ ሁሉ ድፍረት ይተነውና ለሕይወቱ የሚለምን ፈሪ ሆኖ ይታያል። ሙኒ የወሮበላውን ጭካኔ ያሳየው ከአእምሮው ያልበሰለ ልጅነት ጋር አያይዞ ነው። ተመልካቹን የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ፊልሙ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1931 ቢሆንም ሳንሱር ለወራት አዘገየው። ተቆጣጣሪዎቹ ወንጀልን ያሞግሳል በሚል ስጋት ብዙ ማሻሻያ ጠየቁ። በርዕሱ ላይ የሀገር ኀፍረት የሚል ተጨማሪ መግለጫ እንዲገባ ተደረገ፤ ካሞንቴ በፍርድ ቤት ተፈርዶበት ሲሰቀል የሚያሳይ ሌላ መደምደሚያም ተቀረጸ። ሙኒ በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ መድረክ ላይ ስለነበር ያ መደምደሚያ የተሠራው ፊቱን ሳያሳዩ ነው። ፊልሙ በ1932 ለሕዝብ ሲቀርብ በአንዳንድ ስፍራዎች አንደኛው፣ በሌሎቹ ደግሞ ሌላኛው መደምደሚያ ታይቷል።

ሙኒ ስመ ጥር በሆነበት በዚያው ዓመት ዋርነር ብራዘርስ ሌላ ዓይነት የወንጀል ታሪክ ይዞ ቀረበ። መነሻው ሮበርት ኢሊየት በርንስ የተባለ ሰው የጻፈው የራሱ የሕይወት ታሪክ ነበር። በርንስ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ዘማች ነው። ሥራ አጥቶ ሲንከራተት እ.ኤ.አ. በ1922 በጆርጂያ ግዛት፣ በአትላንታ ከተማ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ አንድ ግሮሰሪ ዘረፈ። የተገኘው ገንዘብ 5 ዶላር ከ80 ሳንቲም ብቻ ነበር። የተፈረደበት ቅጣት ደግሞ ከ6 እስከ 10 ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ነው።

ቅጣቱ የሚፈጸመው በሰንሰለት እስረኞች ካምፕ ውስጥ ነበር። ጆርጂያ እስረኞችን ለግል ድርጅቶች ማከራየት የሚያስችለውን አሠራር በ1908 ካቆመች በኋላ እስረኞቹን ወደ መንገድ ሥራ አሰማራች። እስረኞቹ እግር ብረት እንደታሰሩ ይውላሉ፤ ያድራሉም። ከንጋት እስከ ምሽት ድንጋይ ይፈልጣሉ፤ አፈር ይዝቃሉ። ሥራ ያጓተተ ወይም ተዳፈረ የተባለ ሰው ይገረፋል። በደቡብ ግዛቶች የዚህ አሠራር ቀንበር ከሁሉ ይልቅ የተጫነው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ነበር።

በርንስ በዚያው በ1922 አምልጦ ወደ ቺካጎ ሄደ። በዚያም ሠርቶ የተከበረ የመጽሔት አዘጋጅ ለመሆን በቃ። ሰባት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ግን በሚስቱ ጥቆማ ማንነቱ ታወቀ። ጥቂት ጊዜ ብቻ ታስሮ እንደሚለቀቅ ተስፋ ስለተሰጠው በ1929 በገዛ ፈቃዱ ወደ ጆርጂያ ተመለሰ። የተሰጠው ተስፋ አልተፈጸመም፤ እንደገና ወደ ሰንሰለቱ ተላከ። በ1930 ለሁለተኛ ጊዜ አምልጦ በኒው ጀርሲ ግዛት ተሸሸገ፤ መጽሐፉንም የጻፈው እየተሸሸገ ነው።

ኩባንያው የመጽሐፉን መብት ከገዛ በኋላ በርንስ በሐሰት ስም በምስጢር ወደ ሆሊውድ መጥቶ የፊልሙን ጸሐፊዎች አማክሯል። ሙኒም አገኘው። አካሄዱን፣ አነጋገሩን፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን በጥሞና ተመለከተ። ስለ እስር ቤት አስተዳደር የተጻፉ መጻሕፍትንም አነበበ። ዓላማው በርንስን መምሰል አልነበረም። ዘወትር የሚታደን ሰው ሰውነት ውስጥ ፍርሃት እንዴት እንደሚያድር ለማወቅ ነበር የፈለገው።

በሜርቪን ለሮይ አዘጋጅነት የተሠራው ፊልም ባለታሪኩን ጄምስ አለን ብሎ ይጠራዋል። አለን ከጦር ሜዳ ሲመለስ የቀድሞው የጫማ ፋብሪካ ሥራው ይጠብቀዋል። እሱ ግን ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ለመሆን ይመኛልና ቤቱን ትቶ ይሄዳል። ሥራ ያጣል፤ ይራባል። በጦርነቱ ያገኘውን ሜዳልያ መያዣ አድርጎ ለመበደር አንድ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ የሌሎች ዘማቾች ሜዳልያዎች የተከመሩበትን ሳጥን ያሳየዋል። በአዳር ቤት የተዋወቀው አንድ ሰው ሃምበርገር ልጋብዝህ ብሎ ይወስደውና ሽጉጥ መዝዞ ባለቤቱን ይዘርፋል፤ አለንንም ገንዘቡን እንዲያነሳ ያስገድደዋል። ፖሊስ ዘራፊውን ይገድላል፤ አለን 10 ዓመት ይፈረድበታል።

በካምፑ ትዕይንቶች ውስጥ ሙኒ ብዙ አይናገርም። እስረኛው ላቡን ለመጥረግ እንኳ ጠባቂውን ማስፈቀድ አለበት። አለን ይህን ሳያውቅ ላቡን ሲጠርግ በቡጢ ይመታል፤ የተዋናዩ ፊት ላይ የሚታየው ከሕመም ይልቅ ግራ መጋባት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ትዕይንቶች ይህ ግራ መጋባት ቀስ በቀስ ወደ ዝምታ፣ ዝምታውም ወደ ቆራጥነት ይለወጣል። ለማምለጥ ሲወስን የሚረዳው ሴባስቲያን የተባለ ጥቁር እስረኛ ነው። በኤቨረት ብራውን የተጫወተው ሴባስቲያን የአለንን እግር ብረት በከባድ መዶሻ እየመታ ያጣምምለታል፤ አንድ ጊዜ ቢስት አጥንት የሚሰብር ምት ነው። ሙኒ ጥርሱን ነክሶ ዓይኑን ከመዶሻው ሳያነሳ ይጠብቃል። ቀጥሎም ውሾች ሲያሳድዱት ወንዝ ውስጥ ጠልቆ በሸምበቆ እየተነፈሰ ይደበቃል።

ፊልሙ ጉድለት የለበትም ማለት አይቻልም። በካምፑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ እስረኞች ተለያይተው እንደሚኖሩ ያሳያል፤ ነገር ግን ከነጩ ባለታሪክ ጋር ሲያመልጥ ሴባስቲያንን እዚያው ይተወዋል፤ የእሱን ታሪክ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን ሆሊውድ ጥቁር አሜሪካዊን አብዛኛውን ጊዜ በአገልጋይነት ወይም በቀልደኛነት ብቻ ያሳይ ስለነበር፣ በክብርና በጥበብ የሚሠራ ሰው ሆኖ መታየቱ ልብ የሚባል ነው።

አለን በቺካጎ ከተራ ሠራተኛነት ተነስቶ መሐንዲስ ይሆናል። ምስጢሩን ያወቀች ሴት አስፈራርታ ታገባዋለች፤ ሌላ ሴት ባፈቀረ ጊዜም ለፖሊስ ትጠቁማለች። 90 ቀን ብቻ ታስሮ ይቅርታ እንደሚደረግለት ቃል ስለተገባለት በፈቃዱ ይመለሳል። ቃሉ ይታጠፋል። አለን የይቅርታ ጥያቄው ውድቅ መደረጉን ሲሰማ ሙኒ በመጀመሪያ አይጮህም። ያመነውን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣ ሰው ፊት ያሳያል፤ ቁጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያመልጥ አሳዳጆቹን ለማቆም ድልድይ በድማሚት ያፈርሳል። ድልድይ ለመሥራት የተመኘ ሰው በሕግ ስም በተፈጸመ በደል ድልድይ አፍራሽ ሆነ። ፊልሙ ይህን በቃል ሳይናገር በምስል ብቻ ያስተላልፋል።

«ከሰንሰለት እስረኞች ያመለጥኩ ነኝ» በኅዳር 1932 ለሕዝብ ቀረበ። በመጽሐፉ ርዕስ ውስጥ የነበረው ጆርጂያ የሚለው ስም ከፊልሙ ርዕስ ቢወጣም፣ የትኛው ግዛት እንደተነካ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። በጆርጂያ ፊልሙ ታገደ፤ የካምፕ ኃላፊዎችም ስማችን ጠፋ ብለው ኩባንያውን ከሰሱ። በሌላ በኩል ፊልሙ በምርጥ ፊልም፣ በምርጥ ተዋናይና በድምፅ ቀረጻ ለሦስት የኦስካር ሽልማቶች ታጨ።

ከሁሉ የሚበልጠው ውጤት ግን ከሽልማት ውጭ ነበር። ፊልሙ ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በርንስ በኒው ጀርሲ ተያዘ። ጆርጂያ ተላልፎ እንዲሰጣት ጠየቀች። የኒው ጀርሲ ገዥ ሃሪ ሙር ጉዳዩን በአደባባይ ካዳመጡ በኋላ በታኅሣሥ 1932 ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ፤ በርንስም ነፃ ሆኖ ወጣ። ሕዝቡ መጽሐፉን አንብቦ፣ ፊልሙንም አይቶ ስለነበር ጉዳዩ የአንድ ሽፍታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ የጆርጂያ ገዥ ኤሊስ አርናል የበርንስ ቅጣት በታሰረበት ጊዜ እንዲያበቃ አደረጉ። ግዛቲቱ የሰንሰለት እስረኞችን አሠራር የተወችውም በእኚሁ ገዥ ዘመን ነው። ለዚህ ለውጥ የብዙዎች ትግል አስተዋጽኦ እንዳደረገ ባይካድም፣ የሙኒ ፊት በአሜሪካውያን ኅሊና ውስጥ የተወው ምስል ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ አይጠረጠርም።

ከዚህ ፊልም በኋላ ሙኒ ከዋርነር ብራዘርስ ጋር የተፈራረመው ውል የሚጫወተውን ታሪክ ራሱ የመምረጥ መብት ሰጠው፤ ይህም በዚያን ዘመን ለተዋንያን እምብዛም የማይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሆኖ ተጫወተ። በ1936 ፈረንሳዊውን ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተርን ወክሎ የሠራው ፊልም የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ሽልማት አስገኘለት። በ1937 ደግሞ ደራሲውን ኤሚል ዞላን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ተሸለመ። በ1939 የሜክሲኮውን መሪ ቤኒቶ ሁዋሬዝን ሆኖ ቀረበ።

እነዚህ ታላላቅ ሰዎች የሙኒን ስም ከፍ አደረጉት፤ ነገር ግን እንደገና ከጺምና ከፊት ቀለም በስተኋላ ወሰዱት። ዛሬ ወደ ኋላ ሲታይ ከሥራዎቹ ሁሉ ጊዜ ያላደበዘዛቸው በ1932 የወጡት ሁለቱ የወንጀል ፊልሞች ናቸው። በተለይም በጄምስ አለን ሚናው ሙኒ የሚደበቅበት ጺም አልነበረውም። በልጅነቱ የሽማግሌ ፊት ለብሶ ሙያውን የጀመረው ሰው ትልቁን ሥራውን የሠራው በራሱ ፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940 ከዋርነር ብራዘርስ ጋር ከተለያየ በኋላ ፊልም የሚሠራው አልፎ አልፎ ሆነ። በ1955 በብሮድዌይ የቀረበውና በ1925 በቴነሲ ግዛት ዝግመተ ለውጥን በማስተማሩ የተከሰሰን መምህር ጉዳይ መነሻ ያደረገው ቴአትር ዳግም ወደ ዝናው መለሰው። የጠበቃውን ሚና በመጫወት ላይ ሳለ ግራ ዓይኑ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ብዙዎች ሙያው እዚህ ላይ ያበቃል ብለው ቢያስቡም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ወደ መድረኩ ተመለሰ። በ1956ም የቶኒ ሽልማትን ተቀበለ። በ1959 በመጨረሻው ፊልሙ የድሆች ሐኪም የሆነ አረጋዊን ተጫውቶ ለአምስተኛ ጊዜ ለኦስካር ታጨ። በዚህ ጊዜ እውነተኛ ሽማግሌ ሆኖ ነበርና የሚቀባው የእርጅና ቀለም አላስፈለገውም።

ፖል ሙኒ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1967 በካሊፎርኒያ ግዛት በ71 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ባለቤቱ ቤላ ከጎኑ አልተለየችም ነበር። «ስካርፌስ» በ1983 በብሪያን ደ ፓልማ አዘጋጅነት እንደገና ሲሠራ ዋናውን ሚና የያዘው አል ፓቺኖ የሙኒ አጨዋወት መነሻ እንደሆነው መስክሯል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍተ ኮንግረስም በብሔራዊ ቅርስነት ከሚጠብቃቸው ፊልሞች መካከል «ከሰንሰለት እስረኞች ያመለጥኩ ነኝ»ን በ1991፣ «ስካርፌስ»ን ደግሞ በ1994 መዝግቧል።

በርንስ እ.ኤ.አ. በ1955 ነፃ ሰው ሆኖ አርፏል። በፊልሙ ውስጥ ግን ጄምስ አለን ዛሬም ወደ ጨለማው እያፈገፈገ ነው። እውነተኛው ሰው ከጨለማ ሊወጣ የቻለው፣ በከፊልም ቢሆን፣ ተዋናዩ በዚያች የመጨረሻ ትዕይንት ለተመልካቹ መጽናኛ ባለመስጠቱ ነው።